የላባ ዛፍ፦ ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው የበዓል ዛፍ

የላባ ዛፍ ከዝይ ላባና ከሽቦ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ዛፍ ነው። የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ ነው። የሰው ቁመት የሚያህልም ይሠራ ነበር፤ በብዛት የሚታወቀው ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ነው። መጀመሪያ ያየው ሰው ብዙም አይማረክበትም። ቅርንጫፎቹ ሳሳ ያሉ ናቸው፣ በመሃላቸው የጀርባው ግድግዳ ይታያል። «የተመለጠ ጥድ» ቢሉት አይፈረድባቸውም። የዛፉ ትልቁ ጥቅም ግን ያ ክፍተት ነው።

የገና ዛፍ ድሮውንም የጠረጴዛ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1848 አንድ የለንደን ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያና ጀርመን የተወለዱት ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋር በገና ዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። ዛፉ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1850 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ያንኑ ሥዕል መልሶ አተመው። የንግሥቲቱን ዘውድና የልዑሉን ሪዝ አጥፍቶ ተራ የአሜሪካ ቤተሰብ አደረጋቸው። የዛኔ ፎቶሾፕ መሆኑ ነው።

ጀርመን ውስጥ ልማዱ በየቤቱ ሲገባ ለጫካው መስጋት ተጀመረ። በተለይ ጉዳት ያመጣው ለጠረጴዛ የሚበቃ ቁመት ለማግኘት የትልቁን ጥድ ጫፍ መቁረጥ ነው። ጫፉ የተቆረጠ ጥድ እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ አያድግም፤ ለጣውላም አይሆንም። በሌላ በኩል ዝይ በገበሬው ቤት ሞልቷል። ለገና የሚጠበሰውም እሱ ነው። ሥጋው ሲበላ ላባው ይተርፋል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ላባው አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ተነክሮ ይደርቃል። ከዚያ የላባው ዘንግ በስለት ለሁለት ይሰነጠቅና ጠንካራው ክፍል ይወጣል። የሚቀረው አንድ ጎኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ስስ ጥብጣብ ነው። ውሃ ነክቶት ለስለስ ሲል ሽቦ ላይ ይጠመጠማል። ሲጠመጠም ላባው በየአቅጣጫው ይቆምና የጥድ ቅጠል ይመስላል። ጥምጥሙ ከላላ ሽቦው ያፈጣል፤ ከተደራረበ ደግሞ ላባው ይተኛል። አንዱ ላባ ሲያልቅ ሌላው ይቀጠላል፣ መጨረሻው በክር ይታሰራል። ግንዱ የእንጨት ዘንግ ነው። ዙሪያውን በመሰርሰሪያ ይበሳና ረጃጅሞቹ ቅርንጫፎች ከታች፣ አጫጭሮቹ ከላይ ይሰካሉ። በየጫፉ ትንሽ ቀይ ፍሬ ይደረጋል። መቆሚያው ብዙ ጊዜ ነጭ የተቀባ እንጨት ነው። በዓሉ ሲያልፍ ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ ታጥፈው ዛፉ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ለገና ከሚታረደው ዶሮ ላባ መሥራት ይቻላል ወይ የሚል አይጠፋም። የዶሮ ላባ አጭር ነው፤ በጣም ለትንሽ ዛፍ ግን መሞከር ይቻላል።

ወደ ክፍተቱ እንመለስ። ዛፉ የሚበራው በእውነተኛ ሻማ በነበረበት ጊዜ፣ ከነበልባሉ በላይ ባዶ ቦታ መኖሩ ለደኅንነት ወሳኝ ነበር። ሁለተኛው ጥቅም ጌጡን ይመለከታል። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ግማሹ ይደበቃል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ተንጠልጥሎ ይታያል። ለላውሻ የመስታወት ጌጦች የሚመች ሌላ ዛፍ የለም ብል አላጋነንኩም። ላውሻ በጀርመን ቱሪንገን ግዛት ያለች የመስታወት ሠሪዎች ከተማ ናት። መስታወት መሥራት የተጀመረባት በ1597 ሲሆን፣ በአፍ እየተነፋ የሚሠራውን የዛፍ ጌጥ ለዓለም ያስተዋወቀችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሌላዋ የጀርመን ከተማ የድሬስደን ባለሙያዎች ደግሞ ካርቶን በመጫን ቅርጽ እያወጡ፣ በወርቅና በብር ቀለም እየለበጡ ዓሣና ሠረገላ ይሠሩ ነበር።

ዛፉ አሜሪካ የገባው ከጀርመን ስደተኞች ጋር ነው። በ1913 የሲርስ ሮባክ የፖስታ ሽያጭ ካታሎግ ላይም ይሸጥ ነበር። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት በሕግ ስላስገደደች፣ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች የዛፉን ዕድሜ ሲገምቱ መጀመሪያ መቆሚያውን ገልብጠው ያያሉ። አንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ዕቃ ከገበያ አስወጣ። ቀጥሎ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተሠሩ ዛፎች መጡ። በ1959 የዊስኮንሲኗ ማኒቶዋክ ከተማ የአሉሚኒየም ዛፍ በብዛት ማምረት ጀመረች። ከዚያ ሁሉም ወደ ፕላስቲክ ዞረ።

ዛሬ የላባ ዛፍ የሰብሳቢና የእጅ ባለሙያ ነገር ሆኗል፤ ገና ብቻም አይጠብቅም። ሃሎዊን ለሚባለው የምዕራባውያን በዓል ጥቁርና ብርቱካናማ፣ ለፋሲካ ነጭና ሮዝ ይሠራል። ለፋሲካ የሚሰቀለው ባዶ እንቁላል ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በመርፌ ተበስተው ውስጡ ተነፍቶ ይወጣና ቅርፊቱ ይቀባል። እዚህ ላይ ሁዳዴ የሚጾም ቤት ችግር አለበት፤ የወጣውን እንቁላል ማን ይብላው? ለእንቁጣጣሽ ከቢጫ ወረቀት የተቆረጠ አደይ አበባ ለመስቀል ግን ምንም የሚያግድ የለም። ሳሳ ያለው ዛፍ ላይ በደንብ ይታያል።

አዲስ አበባ ውስጥ ገና ሲቃረብ በየሱቁ የሚደረደረው የፕላስቲኩ ዛፍ ነው። ቀደም ሲል ብዙ ቤት የጥድ ቅርንጫፍ በጣሳ አፈር ውስጥ ተክሎ ጥጥ ይበትንበት ነበር፤ ጥጡ በረዶ መሆኑ ነው። ፔንሲልቬኒያ የሰፈሩ ጀርመኖችም ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ በጥጥ ጠቅልለው ለዓመት ያቆዩ ነበር። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ሐበሾች ዛፉን የሚያነሡት ከጎረቤቶቻቸው ዘግይተው ነው፤ ገናችን ጃንዋሪ 7 ነዋ! ለዚህ ደግሞ የማይረግፍ ዛፍ ይመረጣል።

የላባ ዛፍ የሚፈራው ብልን ነው። ስለዚህ ከመታሸጉ በፊት በደንብ መታየት አለበት። ቀለሙ ሊለቅ ስለሚችል በውሃ አይታጠብም፤ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ሻማ ለፎቶ እንኳ ቢሆን አይለኮስበትም። ትንንሽ የባትሪ መብራት ይበቃዋል።