ጭዱ የበሬው ነው፦ ከሰብል ተረፈ ምርት ስለሚሠራ ቤት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲሚንቶ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ በነካበት ሰሞን ደሴ ውስጥ ቡና የተፈላበት ቤት ሁሉ ወሬው አንድ ነበር፤ «ከገለባ ቤት ይሠራል አሉ!» አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳያል። ሌላው «እሱማ በአንድ ክብሪት ያልቃል» ብሎ ይስቃል። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ጭቃም መርጌያለሁ፣ ብሎኬትም ደርድሬያለሁ። ከሁለቱም ወገን የሰማሁትን ስመዝነው ግማሹ ከልምድ የመጣ እውነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከሌላ አገር የተቀዳ ወይም ጨርሶ ያልተሞከረ ነው። የሚደጋገሙትን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ጭድና አገዳ ቆሻሻ ነው፤ ሜዳ ላይ ከሚበሰብስ ቤት ቢሠራበት ይሻላል»

ይህን የሚል ሰው ወሎ ውስጥ አውድማ ላይ ቆሞ አያውቅም። እኛ ጋ ሜዳ ላይ የሚበሰብስ ጭድ የለም። የጤፉ ጭድ ከአውድማው ተነሥቶ ይከመራል፤ ክምሩም እስከ ክረምት ድረስ በእሾህ ታጥሮ ይጠበቃል። የገብሱና የስንዴው ገለባ ደጋው ላይ የበሬና የበግ ቀለብ ነው። ቆላው ላይ፣ ቆቦም በሉት ባቲ ወይም ከሚሴ፣ የማሽላው ቅጠል ለላም ይገፈፋል፤ አገዳው አጥርና ማገዶ ይሆናል፤ ቀሪውን ከብት ገብቶ ይግጠዋል። ድርቅ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያልቀው ይኸው ክምር ነው። ክምሩ ካለቀ በሬው ይሸጣል ወይም ይሞታል።

ስለዚህ ጥያቄው «ይሠራበታል ወይ?» ሳይሆን «ስንት ኪሎ ይበላል?» ነው። እስኪ እናስላው። አራት በአምስት ሜትር የሆነች፣ ግድግዳዋ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታና 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላት የጭቃ ቤት በርና መስኮቱ ሲቀነስ ስድስት ሜትር ኩብ ያህል ጭቃ ትፈልጋለች። ለአንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ20 እስከ 30 ኪሎ ጭድ ይበቃል። ጠቅላላው 150 ኪሎ አካባቢ ሆነ ማለት ነው። መካከለኛ የአገራችን በሬ በቀን ስድስት ሰባት ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። ቤቷ የአንድን በሬ የሦስት አራት ሳምንት ቀለብ ወሰደች ማለት ነው። ይህ ገበሬ የሚችለው ወጪ ነው፤ አያቶቻችንም ችለውት ኖረዋል።

አሁን በቪዲዮ የምናየውን እንመልከት፤ ገለባው በማሽን ተጨምቆ፣ እንደ ትልቅ ጡብ ታስሮ፣ ግማሽ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ግድግዳ ይሆናል። ያችኑ አራት በአምስት ቤት በዚህ ዘዴ ብንሠራት ወደ ሁለት ሺህ ኪሎ ገለባ ትፈልጋለች። የአንድ በሬ የአሥር ወር ቀለብ! ዘዴው የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ነብራስካ ነው። እዚያ እንጨት አልነበረም፤ ሣርና ገለባው ግን ተትረፍርፎ፣ ማሰሪያ ማሽኑም ገብቶ ነበር። አርተር በምትባል ከተማ በ1928 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሟል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለነብራስካ። ለወሎ ደጋ፣ ለለጋምቦ ገበሬ ግን አልመክረውም።

ታዲያ በእውነት የሚተርፈው ምንድን ነው? ዝናብ መትቶት የሻገተ የክምር ጫፍ ከብት አይነካውም፤ ለግንባታም አይሆንም። የሚሆነው እንደ እንጨት የጠጠረው የማሽላ አገዳ እግር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከአውድማ ጥግ የሚጠረግ እብቅ ነው። ስለ ተረፈ ምርት ስናወራ ስለ እነዚህ እናውራ።

«የገለባ ቤት በክብሪት ያልቃል»

ክብሪት የሚፈጀው የሣር ክዳንን ነው። ብዙዎቻችን ያየነው ቃጠሎ ከጣራ የጀመረ ስለሆነ ፍርሃቱ ይገባኛል። ጭቃ ውስጥ የገባ ጭድ ግን በአፈር ተለብጧል፤ አየር ካላገኘ አይነድም። ሌላው ቀርቶ በጥብቅ የታሰረው የገለባ ጡብ እንኳ በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በምድጃ ሲፈተን፣ በጭቃ የተለሰነው ግድግዳ አንድ ሰዓት፣ በኖራና ሲሚንቶ የተለሰነው ሁለት ሰዓት እሳት ተቋቁሟል። አደጋው ያለው ግንባታው ላይ ነው። የተበተነ ጭድ አጠገብ የበር ብየዳ የሚበይድ ሰው አይቼ ጮኼ አስቁሜ አውቃለሁ።

«ጭድ ያለበትን ቤት ምስጥ ይጨርሰዋል»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ባቲና ቆቦ ላይ የምስጥ ነገር ቀልድ አይደለም። ግን ምስጥ የገባበትን ቤት ብታፈርሱት መጀመሪያ ተበልቶ የምታገኙት ጭዱን ሳይሆን አፈር ውስጥ የተቀበረውን የባሕር ዛፍ ቋሚ ነው። ምስጥ ከመሬት ነው የሚነሣው። ግድግዳው መሬት ላይ በቀጥታ ካረፈ መንገዱን ራሳችን ከፈትንለት። ግማሽ ሜትር የድንጋይ መሠረት ከመሬት በላይ ሲወጣ ምስጡ ድንጋዩን ለመሻገር የግድ የጭቃ ቧንቧውን በውጭ በኩል ይሠራል፤ ያኔ ዐይን ያየዋል፣ በመጥረጊያ ይጠረጋል። በየሳምንቱ ዞር ብሎ ማየት የማይችል ሰው ቆላ ላይ የእንጨትና የጭቃ ቤት ባይሠራ ይሻለዋል፤ ይህን በግልጽ መናገር ይገባል።

«ጭድ ጭቃውን ለማብዛት ነው፤ ዛሬ አቡክተህ ዛሬውኑ ትመርጋለህ»

የከተማ ልጆች የሚሠሩት ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለኛል። የጭዱ ሥራ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ መያዝ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጭዱ በየአቅጣጫው ተሰበጣጥሮ ስላለ አንዱ ትልቅ ስንጥቅ በብዙ ጥቃቅን ይበተናል። የጤፍ ጭድ ለዚህ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀጭን ነው፣ ልስልስ ነው፣ ጭቃውን በደንብ ይይዛል። የስንዴ ገለባ ወፍራምና ሙልጭልጭ ስለሆነ አሳጥሮ መቀጥቀጥ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሥራው ጊዜ ይጠይቃል። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ፣ ውኃ እየተጨመረበት፣ እየተረገጠ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ይብላላል፤ ይሸታል። (ጎረቤት ያጉረመርማል፤ ታገሡ።) በዚህ ጊዜ ጭዱ ይለሰልሳል፤ ከውስጡ የሚወጣው አጣባቂ ነገርም ከአፈሩ ጋር ይዋሐዳል። ሲደርቅ ጠንከር ያለና ውኃ ቶሎ የማይፈታው ይሆናል። እበት ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይጠነክራል። ድሮ በደቦ ሲሠራ ረጋጩ ብዙ፣ ጊዜውም ረጅም ነበር። ዛሬ በቀን ሥራ ሒሳብ ስለሆነ ሁሉም ይቸኩላል።

አፈሩስ? ቦርከና ወንዝ ዳር ያለው ጥቁር መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የፈለገውን ያህል ጭድ ቢገባበት አይረጋም። መፈተኛው ቀላል ነው። ሦስት ሴንቲሜትር የሚወፍር ጥቅል አድቦልብሉ፤ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ግፉት። ተቆርጦ የሚወድቀው ከአምስት ሴንቲሜትር ካጠረ አሸዋው በዝቷል። ከ15 ከረዘመ ሸክላው በዝቷል፤ አሸዋ ጨምሩ። በመካከል ከሆነ ጀምሩ።

«የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ ዘላለማዊ ይሆናል»

ይህን በራሴ ቤት ተምሬዋለሁ። የመጀመሪያዋን ቤቴን ደሴ ላይ ስሠራ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰንሁት። አንድ ዓመት አማረ። በሁለተኛው ክረምት መዶሻ ሳይነካው እንደ እንጀራ እየተገሸለጠ ወደቀ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ ወጥ ሆኗል።

ምክንያቱ ሲገባኝ ነው ያፈርሁት። ጭቃ በእርጥበት ይነፋል፣ በፀሐይ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ የገባው ውኃ መውጫ የለውም። የደሴ ጉምና ዝናብ ደግሞ ለግድግዳ ፋታ አይሰጥም። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ከራሱ ዘር የሆነ ልስን ነው፤ ደቃቅ ጭድና እበት ያለበት ጭቃ፣ ወይም ኖራ። ሜክሲኮ ውስጥ የበለስ ቁልቋል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው የሚወጣውን ዝልግልግ ነገር ኖራው ውስጥ ይጨምሩታል። ራያ ቆቦ አካባቢ በለስ ያለው ሰው በአንዲት ትንሽ ግድግዳ ቢሞክረው ብዬ አስባለሁ። ከልስን ሁሉ በላይ ግን ታዛ ነው፤ ቆርቆሮው ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ወጣ ይበል። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ታዛ ያሳጠረ ሰው የቆጠበውን በየዓመቱ በምርጊት ይከፍለዋል።

«አገዳ ከትፎ ከሲሚንቶ ጋር ማደባለቅ ነው፤ ቀላል ብሎኬት ይወጣዋል»

ቆላ ያደገ ሁሉ ጥንቅሽ መጥጧል፤ አገዳው ውስጥ ስኳር እንዳለ ያውቃል። ሲሚንቶ ደግሞ የስኳር ጠላት ነው። ከሲሚንቶው ክብደት አንድ በመቶ የማይሞላ ስኳር እንኳ መጠንከሩን በእጅጉ ያዘገየዋል። ወጣቶች ሞክረው «ሲሚንቶው የተበላሸ ነበር» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የተበላሸው ሲሚንቶው ላይሆን ይችላል። አገዳው መጀመሪያ በፈላ ውኃ ወይም በኖራ ውኃ ታጥቦ ስኳሩ መውጣት አለበት። እንደዚያም ሆኖ የሲሚንቶው እንደ ኖራ የሚያቃጥል ባሕርይ (አልካላይነቱ) የአገዳውን ቃጫ በዓመታት ውስጥ ይበላዋል፤ ስለዚህ ሸክም ለማይሸከም ክፍልፋይ ግድግዳ እንጂ ለቤት ምሰሶ አይታሰብም።

«አመድ ሲሚንቶን ይተካል»

የትኛው አመድ? ስሙ የገነነው የሩዝ ገለፈት አመድ ነው። በልኩ፣ ከ700 ዲግሪ ሳያልፍ ከተቃጠለ ከ85 በመቶ በላይ ሲሊካ፣ ማለትም ከኖራ ጋር ተዋሕዶ የሚጠነክር ማዕድን፣ ይሆናል፤ በደንብ ተፈጭቶም ከሲሚንቶው ከ10 እስከ 20 በመቶውን ይተካል። ሙሉውን አይደለም። ወሎ ደግሞ የሩዝ አገር አይደለም፤ ሩዙ ፎገራ ነው። ከምድጃችን የሚወጣው የአገዳና የኩበት አመድ ሌላ ነገር ነው፤ ሲሚንቶ ውስጥ አትጨምሩት።

«የጭቃ ቤት የድሃ ነው፤ ደግሞ መሬት ሲንቀጠቀጥ ይወድቃል»

ስለ ድህነቱ ብዙ አልልም። ላሊበላ ሄዶ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩትን ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶች ያየ ሰው ራሱ ይፍረድ።

ስለ መንቀጥቀጡ ግን ልብ ማለት ያሻል፤ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከከሚሴ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። በዚህ ረገድ ቋሚና ማገር ተሳስሮ የተመረገ ቤት ብረት ከሌለው ብሎኬት ይሻላል፤ ይወዛወዛል፣ ጭቃው ይረግፋል፣ አጥንቱ ይቆማል። ቋሚው በምስጥ ካልተበላ ነው ታዲያ። ድንጋይ በጭቃ ብቻ የተገነባው ግን ከባድ ነው፤ ማሰሪያም የለውም፤ እሱን እፈራለሁ።

«ፋብሪካ ቢመጣ ችግሩ ያልቃል»

ገለባን በሙቀት ጨምቆ፣ ሙጫ እንኳ ሳይጨመርበት፣ ሰሌዳ ማድረግ ይቻላል፤ በ200 ዲግሪ አካባቢ ገለባው ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ አጣባቂ ራሱን ያያይዛል። ስዊድን ውስጥ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። አዲስ አበባም ልደታ በሚገኘው የሕንፃ ትምህርት ተቋም ግቢ ከጀርመን ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የገለባ ሰሌዳ የሙከራ ቤት ተሠርቷል። ከማሽላ አገዳ የሚሠራ ሰሌዳም በእስያ ተመርቶ ይሸጣል። ኮምቦልቻ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ የማሽላው ቆላ ደጇ ነው። ሐሳቡ ሕልም አይደለም።

ነገር ግን ማሽላ የሚታጨደው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይጠይቃል። አገዳው ተከምሮ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ክረምቱን ማለፍ አለበት፤ ካለዚያ ይሻግታል። ከሐርቡ ጭኖ ለማምጣትም አገዳ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም፤ መኪናው ሞልቶ የሚሄደው አየር ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የቃሉ ወረዳ ገበሬ ሚስት አለች፤ ያ የጠጠረ የአገዳ እግር ምጣዷ ሥር የሚነድ ማገዶዋ ነው። ፋብሪካው ለአንድ ሸክም ከማገዶው ዋጋ በላይ ካልከፈለ፣ ወይም ሌላ ማገዶ ካላገኘችለት፣ አገዳው ወደ ኮምቦልቻ አይሄድም።