ዓሣን በጠረን ማባበል

ዓሣን በጠረን ማባበል፣ ዓሣው ገና ዓይኑ ያላረፈበትን ምግብ በማሽተትና በመቅመስ ችሎታው እየተከተለ ወደ መንጠቆ ወይም ወደ ወጥመድ እንዲጠጋ የማድረግ ዘዴ ነው። በስፋት የሚሠራበት በባሕር ቢሆንም፣ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በረጅም ገመድ በተደረደሩ መንጠቆዎች ላይ የዓሣ ቁራጭ እየሰካ አምባዛ የሚጠብቅ ሰውም የሚተማመነው በዚሁ በጠረን ነው።

የዓሣ አፍንጫ ለመተንፈሻ አያገለግልም። ውሃው በፊተኛው ቀዳዳ ገብቶ በኋለኛው ሲወጣ፣ በመካከሉ የተነባበረው ስስ አካል በውሃው የሟሟውን ነገር ይለያል። ዓሣን ይበልጥ የሚቀሰቅሱት ከሥጋ ወደ ውሃ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች) ናቸው፤ ስለዚህ አዲስ የተቆረጠ ሥጋ ጥሩ ማባበያ ሲሆን፣ ለሰዓታት ውሃ ውስጥ የቆየው ግን ታጥቦ ስለሚፈዝ መቀየር አለበት። ዘይት በአንጻሩ ስለማይሟሟ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በውሃው ገጽ ላይ የሚዘረጋው አብረቅራቂ ጅራት ጠረኑ ወዴት እየተወሰደ እንደሆነ ለአጥማጁ ይጠቁመዋል።

በባሕር ላይ የተፈጨ ሰርዲን ወይም ማኬሬል በወንፊት ከረጢት ተደርጎ ከቆመ ጀልባ ጎን ይንጠለጠላል፤ መንጠቆውም ጅረቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይለቀቃል። ዋናው ጥበብ መቆጠብ ነው፤ የጠገበ ዓሣ መንጠቆ አይነካምና። የፈረንሳይ ብሪታኒ ሰርዲን አጥማጆች ለዚሁ ሥራ ከኖርዌይ የመጣ ጨው የገባበት የኮድ ዓሣ ዕንቁላል ባሕር ላይ ይበትኑ ነበር። ሻርክ የደም ጠብታን ከብዙ ኪሎ ሜትር ያሸታል የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው፤ ጅረት ካላደረሰለት የሚያሸተው ነገር የለም። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት ከባሕር ዳርቻ ሆኖ ማባበያ መበተንን ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላለች።

ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው፣ ጥልቀቱም ከ20 ሜትር ብዙም የማያልፈው ሐዋሳ ሐይቅ የባሕሩ ዓይነት ሞገድና ጅረት የለውም፤ ውሃውን በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው ነፋስ ነው። ዘዴው እዚህ የሚሠራው ለአምባዛ ነው። አምባዛ ዓይነ ትንሽ ነው፤ ምግቡን የሚፈልገው በአብዛኛው ሌሊት ሲሆን፣ በአፉ ዙሪያ ያሉት ስምንት ሪዞች የሚነኩትን ሁሉ ይቀምሳሉ። በገበያ ይበልጥ የሚፈለገው ቆሮሶ ግን በዚህ ሐይቅ በዋናነት የሚመገበው በዓይን የማይታይ የውሃ እጽዋት ስለሆነ በመረብ ይያዛል፤ ለእሱ ሲባል የዓሣ ዘይት መግዛት፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ገንዘብ መበተን ነው።

ጠዋት በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ዓሣ ሲታረድ የሚጣለውን አንጀት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከአጥማጁ እግር ሥር ይለቅማሉ (የሚመራቸው ግን ዓይን እንጂ አፍንጫ አይደለም)። ይህን ትርፍ እንደ ባሕሩ ልማድ በገፍ ሐይቁ ላይ መበተን አይመከርም፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ቢገባም ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ፣ የተጣለው ሁሉ እዚያው ይበሰብሳል።