ብርሃን የሚከፍተው ቻናል፦ ስለ ቻናልሮዶፕሲን ሞዴሎች የሚነገሩ ስህተቶች

ክላሚዶሞናስ የተባለችው ባለአንድ ሴል አረንጓዴ ዋቅላሚ ብርሃንን ተከትላ የምትዋኘው ቻናልሮዶፕሲን በሚባሉ ፕሮቲኖች እየታገዘች ነው። በ2003 ጌኦርግ ናገል፣ ፒተር ሄገማን፣ ኤርንስት ባምበርግና ባልደረቦቻቸው ቻናልሮዶፕሲን-2 በብርሃን በቀጥታ የሚከፈት የአዮን ቻናል፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የያዙ አቶሞች (አዮኖች) በሴል ሽፋን የሚያልፉበት ቀዳዳ፣ መሆኑን አሳዩ። በ2005 ደግሞ ኤድዋርድ ቦይደን፣ ካርል ዳይሰሮትና ባልደረቦቻቸው ጂኑን ላቦራቶሪ ውስጥ ባደጉ የአይጥ ነርቭ ሴሎች አስገብተው ሴሎቹ በሰማያዊ ብልጭታ የነርቭ ምት እንዲያመነጩ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ የቻናሉን ባህሪ በሒሳብ ለመግለጽ ብዙ ተሠርቷል፤ የተሳሳተ ወሬም አብሮ በዝቷል።

«ሲበራ ይከፈታል፣ ሲጠፋ ይዘጋል፤ ሞዴል ምን ያደርጋል?»

ብርሃኑን ለአንድ ሰከንድ ሳያቋርጡ ቢያበሩት፣ በቻናሎቹ የሚያልፈው የአዮኖች ጅረት በጥቂት ሚሊሴኮንድ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ብርሃኑ ምንም ሳይቀንስ ጅረቱ ይወርድና ዝቅ ብሎ ይረጋል። ብርሃኑ ሲጠፋም ቻናሎቹ ለመዘጋት 10 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃሉ። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ በሰከንድ 100 ምት ለሚያመነጭ ነርቭ ግን በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ በሙሉ ማለት ነው። በፕሮቲኑ ውስጥ አንዲት አሚኖ አሲድ ስትቀየር ይህ ጊዜ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። ሲ128ኤስ የተባለው ለውጥ ያለበት ቻናል ለምሳሌ በአንድ ብልጭታ ከደቂቃ በላይ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

«ጅረቱ የሚወርደው ብርሃኑ ፕሮቲኑን ስለሚያቃጥለው ነው»

ከሁሉም የሚያሳስተው ይሄኛው ነው፤ የጅረቱን መውረድ በግራፍ ላየ ሰው እውነት ይመስላልና። ማስረጃው ቀላል ነው። ሴሉን ጨለማ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ተዉትና እንደገና አብሩ፤ ያ ጫፍ ይመለሳል። ቶሎ ካበሩ ግን ጫፉ ዝቅ ይላል፣ የሚረጋበት ደረጃ ግን ያው ነው። የተቃጠለ ነገር አርፎ አይድንም።

ባለአራት ሁኔታ ሞዴል የሚባለው ይህን በደንብ ያስረዳል። በዚህ ሞዴል ቻናሉ ሊገኝባቸው የሚችሉ ሁለት ዝግና ሁለት ክፍት ሁኔታዎች አሉ። ጨለማ ውስጥ የቆዩ ቻናሎች ሁሉም በመጀመሪያው ዝግ ሁኔታ ላይ ናቸው፤ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ሲያገኛቸው ብዙ አዮን ወደሚያሳልፈው ክፍት ሁኔታ በአንድነት ይጎርፋሉ። ጫፉ ይህ ነው። ብርሃኑ ሲቀጥል ከፊሎቹ ጥቂት ወደሚያሳልፈው ሁለተኛ ክፍት ሁኔታና ወደ ሁለተኛው ዝግ ሁኔታ ይበተናሉ፤ ጅረቱም ይወርዳል። ከሁለተኛው ዝግ ወደ መጀመሪያው የሚወስደው መንገድ በጨለማ ሰከንዶች ይፈጃል። ስለዚህ ቻናሉ ከጥቂት ሰከንዶች በፊት የደረሰበትን ብርሃን «ያስታውሳል»፤ ተከታታይ ብልጭታ ለሚሰጥ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

«ብርሃኑ እጥፍ ከሆነ ጅረቱም እጥፍ ይሆናል»

በደካማ ብርሃን ብቻ። ክፍት የሚሆኑት ቻናሎች ድርሻ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ብርሃን ለሙቀት ካልሆነ ብዙም አይጠቅምም።

«ጅረቱ የሚመጣው ከብርሃኑ ነው»

አይደለም። ፎቶኑ በፕሮቲኑ ውስጥ ያለችውን ብርሃን የምትውጥ የሬቲናል ሞለኪውል ቅርጽ ይለውጣል፣ ቻናሉም ይከፈታል፤ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ፕሮቶን የሚፈሱት ሴሉ አስቀድሞ በገነባው የክምችትና የቮልቴጅ ልዩነት ነው። አንድ ፎቶን በመዋጥ አንድ ክሎራይድ የሚገፋው ሃሎሮዶፕሲን የተባለ ሌላ የብርሃን ፕሮቲን ግን ፓምፕ ነው፤ ቀመሩም የተለየ ነው።

«ሁኔታ በበዛ ቁጥር ሞዴሉ ይሻላል»

ባለሦስት ሁኔታ ሞዴል ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ጅረቱ በሁለት ፍጥነት እንደሚሞት ማሳየት ያቅተዋል፤ አራተኛው ሁኔታ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ስድስት ሁኔታ ያላቸውም አሉ። ችግሩ በሞዴሉ ሥዕል ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚወስደው እያንዳንዱ ቀስት የራሱ የፍጥነት ቁጥር መፈለጉ ነው፤ ቁጥሮቹ ሲበዙ ፍጹም የተለያዩ ስብስቦች አንዱን ግራፍ እኩል ይገጥሙታል። በእኔ እምነት አንድን ሞዴል ማመን የሚገባን ቁጥሮቹ ሲመረጡ ያልተጠቀሙበትን ሙከራ፣ ለምሳሌ በተለያየ ክፍተት የሚሰጡ ጥንድ ብልጭታዎችን፣ በትክክል ሲተነብይ ብቻ ነው።

«ፈጣን ቻናል ምንጊዜም የተሻለ ነው»

ቶሎ የሚዘጋ ቻናል በእያንዳንዱ ብልጭታ የሚያሳልፈው አዮን ጥቂት ስለሆነ ብዙ ብርሃን ይጠይቃል። ዘግይቶ የሚዘጋው በትንሽ ብርሃን ይሠራል፣ ፈጣን ምት ግን መከተል አይችልም። ምርጫው ለየትኛው ሴል እንደሆነ ሳይታወቅ መልስ የለውም።

«ቻናሉ ከታወቀ ነርቩ ታወቀ»

የቻናሉ ቀመር ሆጅኪንና ሃክስሊ የነርቭ ምት እንዴት እንደሚፈጠር ለመግለጽ በ1952 ካወጡት ዓይነት የሴል ቀመር ጋር መጣመር አለበት። ሴሉ ስንት ቻናል እንዳለው መገመት ያስፈልጋል፤ አንዱ ቻናል የሚያሳልፈው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነጥሎ መቁጠሩ አስቸጋሪ ነው። በክፍል ሙቀት የተለኩ ፍጥነቶችም ለ37 ዲግሪ መስተካከል አለባቸው፤ ሙቀት ሁሉንም ያፋጥናልና። ከዚያ ደግሞ የአንጎል ህብረ ሕዋስ ሰማያዊ ብርሃንን ክፉኛ ይበትናል፤ ከኦፕቲካል ፋይበሩ ጫፍ አንድ ሚሊሜትር ርቀት ላይ የሚደርሰው ከአንድ አስረኛ በታች ነው። በዚህ ምክንያት ፋይበሩ አጠገብ ያለው ነርቭ ጣሪያ ሲነካ፣ ተመሳሳይ ቻናል የያዘው ሩቁ ጎረቤቱ አንድም ምት ላያመነጭ ይችላል።