የሐይቅ ዳር መከለያ (ባፈር ዞን) ምንድን ነው?

የሐይቅ ዳር መከለያ ከውሃው ጠርዝ እስከ መጀመሪያው ግንባታ ድረስ ሳይገነባበት የሚተው መሬት ነው። ስፋቱ መለካት ያለበት ሐይቁ ሞልቶ ከሚደርስበት ከፍተኛ መስመር ነው። በበጋ፣ ውሃው በሸሸበት ጊዜ ተለክቶ የተሠራ የሐይቅ ዳር መናፈሻ ሐይቁ ሲሞላ ውሃ ይተኛበታል።

ለሐዋሳ ይህ መሬት እጅግ ያስፈልጋታል። ሐይቁ ጥቁር ውሃ የተባለውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ከአስፋልት ታጥቦ የገባ ዘይትና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ዳር ላይ የበቀለው ደንገልና ፊላ የጎርፉን ፍጥነት ቀንሶ ደለሉን ይይዛል፤ ቆሮሶ የተባለው ዓሣም የሚራባው በዚሁ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። «እይታ ይከልላል» ተብሎ ተነቅሎ በምትኩ ቀጥ ያለ ግንብ ሲቆም፣ ማዕበሉ ግንቡን እየመታ ከሥሩ ያለውን አፈር ይቦረቡራል። የአሞራ ገደል (የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ) ዓሣ አስጋሪም ጀልባ የሚያወጣበት ተዳፋት ያጣል።

ባህሉም ቦታ ይፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ፊቼ ጫምባላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በሐዋሳ የሚከበረው በጉዱማሌ ሜዳ ነው። ሜዳው በአዘቦት ቀን ባዶ ስለሚመስል ፏፏቴ፣ የአበባ መደብና በሲሚንቶ የተተከለ ወንበር ሊሞሉት የሚነሡ አሉ። ስህተት ነው! ቄጣላ የተባለው የበዓሉ ጭፈራ እየዘፈነና እየጨፈረ የሚንቀሳቀስ ብዙ ሕዝብ ነው፤ መሬቱ ክፍት፣ መግቢያው ሰፊ መሆን አለበት። የበዓሉን ቀንም አያንቱዎች (ቀን ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ጨረቃና ከዋክብት አይተው ስለሚወስኑት፣ ተቋራጩ የሥራ መርሐ ግብሩን ከማውጣቱ በፊት ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ።

በበዓሉ ላይ የጎሳ መሪዎች አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ይመክራሉ። ዛፍ ግን ሳይቆረጥም ይሞታል። አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሆነ፣ ለመናፈሻው መንገድ ጠርዝ ግማሽ ሜትር የተቆፈረ ቦይ የዋርካውን ሥር ይበጥሳል። ዛፉ የሚደርቀው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ሥራው ተመርቆ ተቋራጩም ከሄደ ወዲያ ነው። መንገዱን ማጠፍ ይሻላል፤ ዛፍ አጠገብ ደግሞ ሳይቆፈር አፈሩ ላይ አሸዋ ደልድሎ፣ ያለ ሲሚንቶ ኮብልስቶን መደርደር፤ ውሃም አየርም ያሳልፋል።

ለመዝናኛው ብዙ አያስፈልግም። ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የሚረዝም መወጣጫ ለተሽከርካሪ ወንበርም ለሕፃናት ጋሪም ይሆናል። የሚቀመጡበት ወንበር ተነሺ ይሁን፤ ለፊቼ ዋዜማ ተነሥቶ፣ በዓሉ ሲያልፍ ይመለሳል። ንድፉ ከመሣሉ በፊት ግን ዳርቻውን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መዞር ይገባል፦ ማለዳ ዓሣ ሲወጣ፣ እሑድ ማታ ፍቅር ሐይቅ የተባለው የዳርቻው መዝናኛ በሰው ሲሞላ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ ለማየት።