«ሳይደርቅ በርጥቡ» ለልምጭ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም

«ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ሲባል ያልሰማ የለም፤ ትርጉሙን መፍታትም አያስፈልግም። ያስቸገረው አጠቃቀሙ ነው። ወላጆች በተሰበሰቡበት አንዱ የአራት ዓመት ልጁን በልምጭ መግረፉን ሲያወራ፣ ሌላው «ደግ አደረግህ፤ ሳይደርቅ በርጥቡ ነው» ይለዋል። ሁለተኛው ግማሽ እዚያው ይቀራል፤ የመጀመሪያው ብቻውን ለግርፊያ ምስክር ይቆማል። የጎበጠ ዱላ የሚያቀና ገበሬ ይህን ቢሰማ ይገርመዋል። በመመታት የቀና እንጨት አያውቅምና።

ዱላ የሚቆረጠው ከወይራ ወይም ከክትክታ ነው፤ ጠንካሮች ናቸው፣ ግን ቀጥ ብለው የሚያድጉት አልፎ አልፎ ነው። ቅርንጫፉ ወዲያው ይመለመላል። ልጡ ግን ለጊዜው ይተዋል፤ የውስጡን እርጥበት ይዞ የሚያቆየውና ላዩን ከማረር የሚጠብቀው እሱ ነው። ከዚያ ነበልባሉ ያለፈለት ረመጥ ይፈለጋል። የጎበጠው ቦታ ረመጡ ላይ እየተገላበጠ በቀስታ ይሞቃል፤ የውስጡ እርጥበት ሲግል እንጨቱ ይላላል። በነበልባል የቸኮለ ሰው ላዩን ያሳርራል፣ ውስጡ ሳይሞቅ ይቀራል፣ ሊያቀናው ሲጫነው «ቀጭ» ይልበታል። በደንብ የሞቀው በጉልበት ላይ ወይም በዛፍ ባላ መካከል ገብቶ ቀስ ተብሎ ይገፋል። ከሚፈለገው መስመር ትንሽ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ሲለቁት ጥቂት መመለሱ አይቀርም። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ በእጅ ተይዞ ይቆያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀና ሲልለት ይለቀዋል፣ እንጨቱም ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል። የቀዘቀዘው ይላጣል፣ ቅቤ ወይም ሞራ ይቀባል፣ ከቀጥተኛ እንጨት ጋር ይታሰርና ከምድጃው በላይ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ለሳምንታት ይሰነብታል። ፀሐይ ላይ የተጣለ እንደሆነ ከጫፎቹ ጀምሮ ይሰነጠቃል፤ ጫፍ ከመሃል ቀድሞ ይደርቃልና።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ያለው ሙቀት፣ ቅባት፣ መያዝና መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ከእንጨት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እንጨት አይርቅም፤ የሚርቀው ከብት ነው። እኔ «ሳይርቅ በቅርቡ» ከእረኛ አፍ የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዱላ ጠራቢው ቃል ጋር ያጋባው «በርጥቡ» እና «በቅርቡ» ቤት መምታታቸው ነው። አንዳንዶች አባባሉን ከሽምግልና ያመጡታል፤ ጠብ ሳይከር ይታረቅ ለማለት ነው ይላሉ። ሽማግሌዎች እንደሚጠቀሙበት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ ከመሆናቸው በፊት እነሱም ከብት ጠብቀዋል። እረኛ ከማሳ አጠገብ ሲውል ዓይኑ ከፊት በምትሄደው ላም ላይ ነው፤ እሷ ከዞረች ሌሎቹ ይከተላሉ። አንገቷን ወደ እህሉ ስታዘነብል ገና ጥቂት እርምጃ ላይ እያለች ቀድሞ ይደርስና «ቦራ!» ብሎ በስሟ ይጠራታል፤ ድምፁን ስለምታውቀው ትመለሳለች። እረኛው ተኝቶ ቆይቶ ከሩቅ ከነቃ ግን ያለው ድንጋይና ጩኸት ብቻ ነው፤ የደነበረችው ላምም የምትሮጠው ወደዚያው ወደ ማሳው ነው።

ልጅ አስተዳደግ ላይ ሁለቱ ግማሾች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ መጀመሪያው ስለ ጊዜና ሙቀት፣ ሁለተኛው ስለ ርቀት።

ከርቀቱ እንጀምር፣ በየቤቱ በቀን አሥር ጊዜ የሚጣሰው እሱ ነውና። እናት ማጀት ሆና ሽንኩርት እየከተፈች «አንተ! ተው ብዬሃለሁ!» ትላለች። ልጁ ሳሎን ነው፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ምን እንደሚተው አልተነገረውም። ሦስተኛው ጩኸት ላይ እናት ትናደዳለች፣ አራተኛው ላይ ትማታለች። ልጁ የሚማረው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጩኸቶች መስማት እንደማያስፈልግ ነው። የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፤ ቢላዋውን አስቀምጦ መሄድ፣ እጅ የሚደርስበት ርቀት ላይ መድረስ፣ ዓይን ለዓይን እስኪገጣጠሙ በርከክ ማለት፣ በስሙ መጥራት፣ የሚደረገውን አንድ ነገር ብቻ መናገር። «አትረብሽ» ከማለት «ኳሷን ደጅ ይዘህ ውጣ» ማለት። ከዚያ በልብ እስከ አሥር እየቆጠሩ ዝም ብሎ መጠበቅ። ትንሽ ልጅ የሰማውን ወደ ተግባር ለመለወጥ ጊዜ ይወስድበታል፤ በመሃል የሚጨመር ቃል ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ሲነሣ «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም፤ «አንድ ጊዜ ስነግርህ ኳሷን ይዘህ ወጣህ» ተብሎ ያደረገው ይጠራለት።

«በርጥቡ» የሚለው ደግሞ ዕድሜን ብቻ አይመለከትም፤ ነገሩ ትኩስ መሆኑንም ይጨምራል። «ቆይ፣ አባትህ ይምጣ!» የሚለው ማስፈራሪያ የአባባሉ ተቃራኒ ነው። ረፋድ ላይ የተሰበረ ብርጭቆ ማታ ሲያስቀጣ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ቅጣቱን ከብርጭቆው ጋር ማገናኘት ይቸግረዋል፤ የሚያገናኘው ከአባቱ መምጣት ጋር ነው። አባት በር ሲያንኳኳ የሚደበቅ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ሙቀቱ የሚዘጋጀው ግን ጥፋት በሌለበት ሰዓት ነው። በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ለአንድ ልጅ ብቻ ይሰጥ፤ ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ጨዋታውን ልጁ ይምረጥ፣ ወላጅ አያስተምር፣ አይጠይቅ፣ አያርም፤ የሚያየውን ብቻ ይናገር፦ «ቀዩን ከላይ አስቀመጥሽው።» ሦስት ልጆች ካሉ በየተራ ይሁን፤ አንድ ላይ የተሰጠ ጊዜ የሚደርሰው ጮክ ብሎ ለሚናገረው ነው። ይህ ጊዜ በጥፋት ምክንያት አይነጠቅ። ብዙ ወላጆች «ዛሬ ስላጠፋህ አብሬህ አልጫወትም» ይላሉ፤ ረመጡን በገዛ እጃቸው ያጠፉታል። ጉርሻም እዚህ ይቆጠራል፤ በባህላችን ፍቅር በቃል ለመናገር የሚያፍር አባት እንኳ በእጁ ማጉረስ አያፍርም።

ቶሎ የመልቀቅ ስሕተትም አለ። እያለቀሰ የሚጠይቅ ልጅን በልቅሶው አለመሸለም ሲጀመር፣ ለጥቂት ቀናት ልቅሶው ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ የድሮው መንገድ ለምን እንዳልሠራ እየሞከረ ነው። በዚያ መሃል ተሸንፎ የሰጠ ወላጅ፣ ብርቱ ልቅሶ እንደሚያዋጣ አስተምሮ ይወጣል። ልጁን አቅፎ፣ ክልከላውን አጽንቶ መቆየት ይቻላል፤ ሁለቱ አይጣሉም።

«የኔስ ደርቋል፣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው» የሚል ወላጅ ይኖራል። የደረቀ እንጨትም ውሃ ውስጥ ሰንብቶ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሞቆ፣ በትንሽ በትንሹ ይላላል፤ ፈጽሞ የማይሆነው በአንድ ጊዜ መጫን ነው። ለጎረምሳ ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅ ምርመራ ይሆንበታል። ጎን ለጎን ሆኖ፣ ታክሲ እየጠበቁ፣ ቡና ሲቆላ ይሻላል። ቡና ከሚፈላበት ሦስት ዙር አንዱን፣ አቦሉን፣ ያለ ምክር ለመስማት ብቻ የመደበ ቤት ብዙ ወሬ ያገኛል። ያወራውን ግን ቶናው ላይ ለጎረቤት መንገር የለም፤ አንድ ጊዜ የተነገረበት ልጅ ዳግመኛ አያወራም።

አባባሉን ለግርፊያ የሚጠቅሱ ሰዎች ሕጉንም ቢያስታውሱ ጥሩ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት ሰጥቷቸዋል። ስዊድን ከ1979 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመን ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ውስጥም ከልክለዋል፤ እዚያ የሚኖር አበሻ «ሳይደርቅ በርጥቡ» ብሎ ለማኅበራዊ ሠራተኛ ማስረዳት አይችልም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በእግሩ እንኳ ያልቆመ ሕፃን እጁን ሲመታ አባባሉ መጠቀሱ ነው። የዘጠኝ ወር ሕፃን ወደ ረከቦት የሚዳኸው ሊያጠፋ አይደለም፤ ጀበናው ያጨሳል፣ ሲኒው ያብረቀርቃል፣ እናቱም እዚያ ነች። መመታቱን ከጀበናው ጋር አያይዞ ራሱን የሚገታበት አቅም ገና የለውም፤ ነገም ይመለሳል። ከሰሉ ግድግዳ ተከልሎ ይቀመጥ፣ የጀበናው ጆሮ ወደ ቀጂዋ ይዙር፣ ሕፃኑ በሰው ጭን ላይ ሆኖ ባዶ ሲኒ ይሰጠው።