ለእኛ አይደለም፥ አቤቱ፦ የመዝሙረ ዳዊት ካኖኖችና የባሮክ ዘመን መዘምራን

ካኖን በአንድ ዜማ ብዙ ድምፅ የሚዘመርበት የድርሰት ስልት ነው። አንዱ ድምፅ ይጀምራል፤ ሌላው ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ዜማ ከመነሻው ያነሣል፤ ሦስተኛውም ይከተላል። ዜማው ከራሱ ጋር ሲደራረብ ሳይጋጭ እንዲስማማ ማድረግ የደራሲው ፈተና ነው። አንድ የመዝሙር ጥቅስ ለአንድ ካኖን ስለሚበቃ፣ መዝሙረ ዳዊት ለዚህ ስልት የተመቸ መጽሐፍ ሆኗል።

ከባሮክ (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ካለው የአውሮፓ የሙዚቃ ዘመን) በፊት መንገዱን ከጠረጉት ሥራዎች ዋነኛው የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶማስ ታሊስ ካኖን ነው። ሊቀ ጳጳስ ማቲው ፓርከር በ1567 ባዘጋጁት የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ለመዝሙር 67 የተደረሰ ሲሆን፣ ዛሬ በሚዘመርበት መልክ ሶፕራኖው (ከፍተኛው የሴቶች ድምፅ) ይመራል፤ ቴነሩ (ከፍ ያለው የወንዶች ድምፅ) ከ4 ምት በኋላ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ስምንት የድምፅ ደረጃ፣ ዝቅ ብሎ ይከተላል።

ከሁሉ የገነነው ግን «ኖን ኖቢስ ዶሚኔ» ነው። ቃሉ «ለእኛ አይደለም፥ አቤቱ፥ ለእኛ አይደለም፥ ነገር ግን ለስምህ ምስጋናን ስጥ» ከሚለው መዝሙር 115 የተወሰደ ነው። በላቲኑ መጽሐፍ ይህ መዝሙር 113 ላይ ይገኛል፤ የእኛው የግእዝ ዳዊትም እንደዚያው ነው፤ ሁለቱም የግሪኩን አቆጣጠር ይከተላሉና። ካኖኑ 3 ድምፅ አለው። መሪው ከዶ ቢነሣ፣ ሁለተኛው ከበታቹ ካለው ሶል፣ ሦስተኛው ከታችኛው ዶ ይነሣሉ። ስለዚህ መሪውን እየሰሙ መቅዳት ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን መነሻ ድምፅ አስቀድሞ መያዝ አለበት። በእንግሊዝ አገር በታላላቅ ግብዣዎች ላይ ከማዕድ በኋላ የምስጋና ጸሎት ሆኖ መዘመሩ ዝናውን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አሻግሮታል።

የደራሲው ነገር አከራካሪ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ያለ ስም ይዘዋወር ነበር፤ ቆይቶ እንግሊዛውያን ለአገራቸው ደራሲ ለዊልያም በርድ ሰጡት፤ በ1740 ዘ ሄግ ላይ በታተሙት የሆላንዳዊው ደራሲ የኡኒኮ ቪልሄልም ቫን ቫሰናር ኮንቼርቶዎች (የመሣሪያ ሙዚቃ ድርሰቶች) ውስጥ ደግሞ ዜማው የጣሊያናዊው ደራሲ የፓለስትሪና ተብሎ ተመዝግቧል። የበርድ አለመሆኑ ግን ዛሬ ብዙም አያጠራጥርም፤ የዜማው ሐረጎች በሄንሪ 8ኛ ቤተ መንግሥት ያገለግል በነበረው በፊሊፕ ቫን ዊልደር ሞቴት (ባለ ብዙ ድምፅ የላቲን መንፈሳዊ ዝማሬ) ውስጥ ተገኝተዋልና። ይህ ለካኖኑ ክብር አንዳች አይቀንስበትም፤ ከአንድ ሰው ስም በላይ የኖረ ዝማሬ ነው።

በጀርመን ሉተራውያን ዘንድ ከፍተኛውን ደረጃ የያዘው ዮሐን ሴባስትያን ባኽ ነው። ሉተር ከመዝሙር 46 ተነሥቶ የጻፈውን «አምላካችን ጽኑ አምባ ነው» ባኽ በካንታታ 80 (በመሣሪያ የታጀበ ባለ ብዙ ክፍል ዝማሬ) መክፈቻ ላይ በካኖን አቀናብሮታል። ከላይ ኦቦ የተባሉ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ከታች የባስ መሣሪያዎች ዜማውን በረጃጅም ኖታዎች ይቀባበላሉ፤ መዘምራኑ በመካከል ሆነው ቃሉን እያደራረቡ ያዜማሉ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ካኖን የደፈረ ሌላ ደራሲ ማግኘት ይከብዳል። ከባኽ ለቀደመው ጀርመናዊ ደራሲ ለሚካኤል ፕሬቶሪዩስ የሚሰጠው ባለ 6 ድምፁ ካኖን «ዩቢላቴ ዴዮ» («ለእግዚአብሔር እልል በሉ») ደግሞ ዛሬም የመዘምራን መለማመጃ ነው።

ከባሮክ በኋላ የኦክስፎርዱ ፊሊፕ ሄይስ (1738–1797) «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ» የሚለውን መዝሙር በ3 ድምፅ ካኖን ደርሶታል።