ሶንግናም፦ ስለ ሴኡል ጎረቤት ከተማ የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ለኮይካ (የደቡብ ኮሪያ መንግሥት የዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት) ሥልጠና ከኢትዮጵያ ሄዶ ሲመለስ «ሴኡል ነበርኩ» የሚል ብዙ ነው። የኮይካ ዋና መሥሪያ ቤት ግን ሶንግናም ውስጥ፣ ሱጆንግ ወረዳ ነው ያለው። ሶንግናም ከሴኡል ጋር ድንበር ትጋራለች እንጂ በሴኡል ሥር አይደለችም። የግዮንጊ ክፍለ ሀገር ከተማ ናት፤ የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት፣ ከ900 ሺህ በላይም ነዋሪ አላት። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሶንግናም ማለት ቡንዳንግ ነው»

ቡንዳንግ ከሦስቱ ወረዳዎች አንዱ ነው። ከተማዋ የተመሠረተችው በሌሎቹ በሱጆንግና በጁንግዎን ሲሆን፣ በ1973 የከተማነት ማዕረግ ስታገኝ ቡንዳንግ ገና እርሻ ነበር። የቡንዳንግ አፓርታማዎች ዕቅድ የታወጀው በ1989 ነው። ኮሪያውያን «ቾንዳንግ አሬ ቡንዳንግ» ይላሉ፤ ከመንግሥተ ሰማያት ቀጥሎ ቡንዳንግ እንደ ማለት ነው። ስሙ የከተማዋን ስም የሸፈነው በከንቱ አይደለም።

«አሮጌው ክፍል ያለ ፕላን የበቀለ የድሃ ሰፈር ነው»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ፕላን ነበረው፤ ጥፋቱም የመጣው ከፕላኑ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሴኡል አስተዳደር በቾንግጌቾን ወንዝ ዳርና በሌሎች ቦታዎች የነበሩ የጣውላ ቤቶችን አፍርሶ፣ ነዋሪውን ያኔ በጓንግጁ አውራጃ ወደነበረ ኮረብታ አዛወረ። ኮረብታው ሳይደለደል መንገድ ቀጥ ብሎ ተሰመረበት፤ መሬቱም በ20 ፕዮንግ (ፕዮንግ የኮሪያ የመሬት መለኪያ ነው)፣ ማለትም በ66 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ተሸነሸነ። ሰው ቀድሞ መጣ፤ ውሃና ሥራ ኋላ ቀሩ። ብዙዎች በድንኳን ከረሙ።

ሽንሻኖው ዛሬም በዓይን ይታያል። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ዳገቱን ይወጣሉ፤ መኪና ማቆሚያ የሚሆን ክፍተት የላቸውም። ለአንድ ትልቅ ሕንጻ የሚበቃ ቦታ ለማግኘትም ብዙ ባለይዞታ ማስማማት ግድ ይላል፤ መልሶ ማልማቱን ከሚያከብዱት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

«የ1971ዱ አመፅ የወሮበሎች ረብሻ ነበር»

ሒሳቡን እንየው። መሬቱ በመጀመሪያ የታሰበው በፕዮንግ 2,000 ዎን ነበር፤ ለ20 ፕዮንግ 40,000 ዎን ይሆናል። ሥራ ያጡ ብዙ ተፈናቃዮች የመሬት መብታቸውን ሸጠው ወደ ሴኡል ተመለሱ። ከእነሱ የገዙት ግን ድንገት በፕዮንግ ከ8,000 እስከ 16,000 ዎን በአንድ ጊዜ ክፈሉ ተባሉ፤ ከ160,000 እስከ 320,000 ዎን ማለት ነው። ነሐሴ 10 ቀን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። ሊያነጋግራቸው ቀጠሮ የያዘው የሴኡል ከንቲባ በሰዓቱ ሳይደርስ ሲቀር ቁጣው ገነፈለ። ቢጫ ሜሎን የጫነ መኪና መንገድ ላይ ሲገለበጥ፣ ሕዝቡ ፍሬውን ከመሬት እየለቀመ በላ። ያን ሕዝብ ምን ያህል ርቦት እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም። አስተዳደሩ በዚያው ቀን ጥያቄዎቹን እቀበላለሁ አለ፤ 22 ሰዎች ግን ታሰሩ።

ቦታው ያኔ በጓንግጁ አውራጃ ስለነበር፣ ይህን ከ1980ው የጓንግጁ ሕዝባዊ አመፅ ጋር የሚያምታቱም አሉ። ያኛው ጓንግጁ በደቡብ ምዕራብ ኮሪያ የሚገኝ ሌላ ከተማ ነው፤ በቻይና ፊደል ሲጻፉ ስማቸውም ይለያል።

«የመኝታ ከተማ ናት»

ሴኡል ሲሠራ ውሎ ለማደር ብቻ የሚመለስ ሰው የሚኖርባት ማለት ነው፤ የ1990ዎቹ ቡንዳንግ እንዲያ ነበር። አሁን የኢንተርኔት ኩባንያው የናቨር ዋና መሥሪያ ቤት በቡንዳንግ ጆንግጃ ሰፈር ነው፤ የቪዲዮ ጌም ኩባንያዎቹ ኔክሰንና ኤንሲሶፍት ደግሞ እዚያው ቡንዳንግ፣ ፓንግዮ ሰፈር ናቸው። ከ2011 ጀምሮ በሚሠራው የሺንቡንዳንግ ባቡር ጠዋት ከጋንግናም ወደ ፓንግዮ ለሥራ የሚመጣም አለ።

«የሞራን ገበያ በየቀኑ አለ»

በዚህ የሶንግናም ገበያ ዙሪያ ያሉት ሱቆች በየቀኑ ይሠራሉ፤ ትልቁ ገበያ የሚቆመው ግን ቀኑ በ4 ወይም በ9 ሲያልቅ ነው፦ 4፣ 9፣ 14፣ 19፣ 24 እና 29። በየአምስት ቀኑ ነው ብሎ ከመጨረሻው እየቆጠረ የሚሄድ 31 ቀን ባለው ወር ማግስት አንድ ቀን ቀድሞ ባዶ ሜዳ ላይ ይደርሳል። የካቲት 28 ቀን ብቻ ሲኖረው ደግሞ ከ24 እስከ መጋቢት 4 ስምንት ቀን መጠበቅ ነው።